ለሲፋን መድኃኒት ስለተደረገው ጥበቃ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የበጀትና የውጭ ምንዛሪ ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ስኳርዎም፣ ደም ግፊትዎም፣ እንቅልፍዎም ደህና እንዲሆንልዎ ከነገሌ ቦረና እመኛለሁ፤ ለእኛ ያልደረሰው ጤና እርስዎ ዘንድ ተደራርቦ እንዲገኝ ጸሎቴ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የጻፍኩት ለምስጋና ነው፤ ጥያቄማ ሦስት ጊዜ አቅርቤ መልሱ መንገድ ላይ መሆኑ ተነግሮኛል።

አንደኛ፣ ስለ ጤና መድን ካርዳችን አመሰግናለሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሲፋን የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ውላ አታድርም። በየወሩ ካርዱን ይዘን ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ የመድኃኒት ባለሙያው ወንዶሰን ምንዛሪ ባለመፈቀዱ መድኃኒቱ ከውጭ እንዳልገባ በትሕትና አስረድቶ ማዘዣችን ላይ «የለም» የሚል ማህተም ይመታልናል። መድኃኒቱ በጠፋባቸው አምስት ወራት የማህተሙ ቀለም አንድ ቀን እንኳ አለመጥፋቱ የበጀት አያያዛችሁን ጥንካሬ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ከጠረፍ ማዶ የሚመጣውን መድኃኒት ኮንትሮባንድ ብላችሁ ስለከለከላችሁልን አመሰግናለሁ። አገር ውስጥ የሌለው መድኃኒት ከውጭ በሚገባው እንዳይጎዳ መጠንቀቃችሁ ለእኔ ቢጤ ቶሎ የሚገባ አልሆነም፤ አስቤ አስቤ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን የራሳችን ጥፋት ነው። አሬሮ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ደራርቱ ሁለት ብልቃጥ ከማዶ አስመጥታ፣ ኬላ ላይ እንዳይወሰድባት በወተት ጮጮ ውስጥ ደበቀችው፤ ወተት የያዘች ሴት ብዙም አትፈተሽምና። ጮጮ ደግሞ በእኛ ዘንድ ወተት ሳይገባበት በፍም ይታጠናል። ያልታጠነ ጮጮ ይዞ ዘመድ ቤት መምጣት ነውር ስለሆነባት አጥና፣ ትኩስ ወተት ሞልታ፣ ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልላ ከተተቻቸው፤ ቀኑን ሙሉም በአውቶቡስ በፀሐይ ተጓዘች። ኬላው በሰላም አሳለፋት። ወተቱ ግሩም ነበር። መድኃኒቱን ግን ሙቀቱ አበላሽቶት ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው ሲፋን ተወግታ ስኳሯ አልወርድ ሲል ነው። ደራርቱ ከዚያ ወዲህ ጮጮ አላጠነችም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ስላመነች፣ ኮሚቴው በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባው።

አምስቱን ወር ከሌሎች ሕመምተኞች እየለመንን አዝልቀናታል፤ አሁን የቀረን ከጎረቤት የተሰጠን ግማሽ ብልቃጥ ነው። እርጥብ አሸዋ በሞላሁት እንስራ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ይህን ያልኩት ለሽሙጥ አይደለም።

የስብሰባዎ ሻይ ትኩስ፣ አጀንዳዎ አጭር፣ ወንበርዎ ምቹ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በማይገባኝ ውሳኔ ሁሉ አስቀድሜ በመስማማት፣

አክባሪዎ
ጠጂቱ ዶዮ
ከነገሌ ቦረና

የረሳሁት፦ ንባብ የለመድኩት ዕቃ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ባለፈው ሳምንት ጨው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ንግግርዎን አገኘሁ። «በዘንድሮው በጀት አንድም ሕፃን በመድኃኒት እጦት» ይላል፤ ቀሪው ተቀዷል። ቀሪውን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሚደርስ ከሆነ ግን አይድከሙ።