ከልብስ ተኳሹ ለፈተና ቦርዱ፦ ስለ ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ

ለተከበሩ የሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ቦርድ ሊቀመንበር
ናግፑር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ አዲስ እንደተተኮሰ አንገትጌ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ከራስዎ በላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያም በዚህ የግንቦት ሙቀት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይቆምብዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሱዳም ኮብራጋዴ እባላለሁ። ከባቡር ሠራተኞች መኖሪያ በር ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በከሰል ካውያ ልብስ ተኩሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም ሳይጽፍልኝ በገዛ እጄ የጻፍኩት መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። በማዘጋጃ ቤቱ የማታ መሠረተ ትምህርት ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ እንቅልፋሞች መሆናቸውና አንዱ ከሚስቱ ለመሸሽ ብቻ ይመጣ የነበረ መሆኑ ውጤቴን አይቀንሰውም። መምህርት ዶቴም «አቶ ሱዳም፣ እርስዎ ብዕር ሲይዙ ወረቀቱ ይፈራል» ብለውኛል። ይህን ያሉት ወረቀቱ ሲቀደድ አይተው ነው፤ ቢሆንም ብለውኛል።

ጉዳዬ የልጄ የፕራኖቲ ነው። ልጄ የቦርድዎን ፈተና ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ተፈትናለች፤ ከእናቷ ከቫትሳላ ጋር የተስማሙትም ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ነገሩ እንዲተው ነው። ካለፈች ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ካልሆነ የፊታችን ሰኞ በአክስቷ ልጅ የሳሪ ሱቅ ጨርቅ ማጠፍ ትጀምራለች። ጨርቅ ማጠፉን ከእኔ ዘንድ ጠግባ ተምራዋለች፣ ክቡር ሆይ፤ የእኔ ምኞት ሌላ ነገር እንድትማር ነበር። ለቃለ መጠይቅ ለመጠራት ሁለት ነጥብ ጎደላት። ሁለት! የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር አርብ ይዘጋል፤ ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ በፍጥነት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሂሳዊ አመክንዮ ለሚባለው የፈተና ክፍል አመሰግናለሁ። ልጄን ሁለት ዓመት በተከታታይ የጣላት እሱ ስለሆነ ዘንድሮ አሰልጣኟ እኔ ሆንኩ። ጥያቄዎቹን በእኛ ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ደብተር ላይ ትገለብጥልኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ደንበኛ ሲያባርር እሷ ካውያውን ትይዛለች፣ እኔ አነባለሁ። ለእሷ የፈተና ዝግጅት፣ ለእኔ የንባብ ልምምድ ሆነ። ጊዜውን የምንለካው በሸሚዝ ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ሸሚዝ። በአንገትጌው ጥያቄው ተነቦ ያልቃል፣ በትከሻውና በእጅጌዎቹ የማይሆኑት ምርጫዎች ይጣላሉ፣ ጀርባው ሳያልቅ መልሱ መገኘት አለበት። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሸሚዝ አላቃጠለችም። እኔ ግን አንዴ ከእጇ ነጥቄ ስከራከር የባቡር ተቆጣጣሪውን አቃጥያለሁ፤ ሸሚዙን ማለቴ ነው።

ክርክሩ የተነሳው እናንተ በየጥያቄው ሥር በምታስቀምጧት «እውነት ቢሆን» በምትል ሐረግ ምክንያት ነው። ከሚከተሉት ውስጥ የትኛው፣ እውነት ቢሆን፣ ድምዳሜውን ያዳክማል? እኔ ደግሞ እውነት መሆኑን ሳላጣራ አላልፍም።

አንዱ ጥያቄ አንድ ከተማ መንገዱን ስላሰፋ አደጋ ቀነሰ ይል ነበር። «የትኛው ከተማ ነው መንገዱ የሰፋው?» እላታለሁ።

«ባባ፣ ከተማው የለም።»

«ከሌለ አደጋው የቀነሰው ለማን ነው?»

«እነሱ ያሉህን ዝም ብለህ ተቀበል! የምታውቀውን ከዚህ ውስጥ አታስገባ። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«የማውቀውን ካላስገባሁ ምን ላስገባ? የማላውቀውን?»

«ባባ፣ ሸሚዙ እያለቀ ነው!»

እንዲህ ነበር የተዘጋጀነው፤ እሷ ሕጉን ይዛ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴን ይዤ። ከዛፉ ሥር የሚያልፉት ሁሉ ያዳምጡን ነበር፤ ወተት አመላላሹማ ብስክሌቱን አቁሞ «አቶ ሱዳም፣ የዛሬው መልስ ስንት ሆነ?» ይለኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ እነግረው ነበር። ብዙ ጊዜ ተሳስቼ፣ ሁልጊዜ በልበ ሙሉነት።

ሁለተኛ፦ ከአገሩ ሥራ ሁሉ የእኔን መርጣችሁ በፈተናው ላይ ስላወጣችሁ የተሰማኝን ክብር ልገልጸው አልችልም። ምናልባት ከዘነጉት ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ ይህ ነው። «በአንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ካውያ የገዙ ቤተሰቦች ቁጥር በአምስት ዓመት እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ በየመንገዱ በከሰል ካውያ ልብስ የሚተኩሱ ሰዎች በቅርቡ ሥራ ያጣሉ። ከሚከተሉት የትኛው፣ እውነት ቢሆን፣ ይህን ድምዳሜ ይበልጥ ያዳክማል?» ምርጫ ሀ የኤሌክትሪክ ካውያ ረክሷል ይላል። ምርጫ ለ ካውያዎቹን ከገዙት አብዛኞቹ ልብስ ተኳሾቹ ራሳቸው ናቸው ይላል። ምርጫ ሐ ተኳሾቹ ልጆቻቸው ይህን ሥራ እንዲወርሱ አይፈልጉም ይላል፤ ይህን ከየት እንደሰማችሁ ባላውቅም እግዜር ይስጥልኝ። ምርጫ መ ደግሞ በከተማይቱ ሰው ለሥራ በሚለባብስበት ሰዓት መብራት ይጠፋል ይላል።

ልጄ መ ብላለች። ቦርዱ ትክክሉ ለ ነው ብሏል። ትክክል ሦስት ነጥብ ያስገኛል፣ ስህተት አንድ ይቀንሳል፤ የጎደላት ሁለት ብቻ ስለሆነ የተቀረውን ሂሳብ ለክቡርነትዎ እተዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ከመልሱ ጋር ስላወጣችሁት ማብራሪያ። «ምርጫ መ ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦት የሚናገር ሲሆን ምንባቡ ስለ አቅርቦቱ ያነሳው ነገር ስለሌለ ከጉዳዩ ውጭ ነው» ይላል። ይህን አረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ማንበብ በመማሬ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ክቡር ሆይ፣ የኤሌክትሪክ ካውያ ኤሌክትሪክ ከሌለው በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ይሆናል። ለዚህ የማታ ትምህርት እንኳ አያስፈልግም፤ ከእንቅልፋሞቹ አንዱን ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይመልስልዎታል። ምርጫ ለ ስህተት ነው አልልም። እውነት ቢሆን ያዳክማል፤ ምርጫ መም እውነት ቢሆን ያዳክማል። ሁለት ትክክል አስቀምጦ አንዱን ትክክል ላለ ሰው ነጥብ መቀነስ ግን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ቢነግሩኝ ልጄን እዚያ እንዳትገባ እመክራታለሁ።

አራተኛ፦ ተቃውሞ ያለው ሰው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ በኮምፒውተር ብቻ፣ «ከታወቀ ምንጭ ማስረጃ አያይዞ» እንዲያቀርብ ስለፈቀዳችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሦስቱንም ቀን ገጻችሁ አልተከፈተም። ልጄ ስትደውል ጸሐፊዎ በሚያሳዝን ትሕትና «እህቴ፣ ነገ ደውዪ» ይሏት ነበር። ሰኞ ዕለት ተቃውሞውን በወረቀት ጽፌ፣ የታወቀውንም ምንጭ፣ ማለትም ራሴን፣ ይዤ በርዎ ድረስ መጣሁ።

ዘበኛዎ «አባባ፣ በወረቀት አይቀበሉም፣ በኮምፒውተር ነው» አለኝ።

«እሺ፣ ኮምፒውተሩ የታለ?»

«አይሠራማ!»

«ታዲያ በምን ልስጥ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አባባ? እኔ በር ነው የምጠብቀው።»

ከመላው መሥሪያ ቤትዎ የማያውቀውን አላውቅም ያለ እሱ ብቻ ስለሆነ ለደረጃ እድገት እንዲታሰብለት አሳስባለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቃውሞው ጊዜ አለቀ።

አምስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ፈልጌ እጄ እንቢ አለኝ። እሁድ ዕለት ልጄ ሱሪ እየተኮሰች ሳለ ጠየቅኳት። ለ የሚባለውን ምርጫ ሳታየው ቀርታ እንደሆነ ብዬ ነው።

«አይቼዋለሁ» አለችኝ። «እነሱ የሚፈልጉት ለ እንደሆነም አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ቀና ሳትል ሱሪውን አገላበጠችው። «ሰዎቹ ሥራ ያጣሉ ሲል አንተ ታየኸኝ፣ ባባ። ጠዋት መብራት ሲጠፋ ሸሚዛቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ የሚመጡት ሰዎች ታዩኝ። የማውቀውን እንዴት ልተው? ሦስት ወር ሙሉ አንተው አይደለህ እንዴ የምታውቂውን አትተዪ ስትለኝ የከረምከው?»

ወተት አመላላሹ መጥቶ የዛሬው መልስ ስንት ሆነ ሲለኝ ከሰሉን ማራገብ ጀመርኩ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያሾፍኩትን ሁሉ ይርሱልኝና ይህቺን ብቻ ያንብቡልኝ። ልጄ መንገዱን ታውቀው ነበር፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ቻልኩ ብዬ ስፎክር። ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ በዛፌ ሥር ወደዚያ ሱቅ ስታልፍ እንዴት አድርጌ ቀና እንደምል አላውቅም። ሁለቱንም መልስ ትክክል ማለት ትችላላችሁ፤ ጥያቄውን ሰርዛችሁ ነጥቡን ለሁሉም ተፈታኝ መስጠትም ትችላላችሁ። የግድ አንድ ሰው መውደቅ አለበት ከተባለ ደግሞ አሰልጣኙን ጣሉት፤ ስሙና አድራሻው ከላይ ተጽፏል፣ ከዛፉ ሥርም አይጠፋም። ብቻ እስከ አርብ ይሁንልኝ።

የክቡርነትዎን ጊዜ ሁለት ደርዘን ሸሚዝ በሚያስተኩስ ርዝመት የወሰድኩ፣ በከሰልም በፊደልም የተለበለብኩ፣ ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ፣ የዚህችው ልጅ አባት፣

ሱዳም ኮብራጋዴ
(በጣት አሻራ ሳይሆን በፊርማ)

ማሳሰቢያ፦ ኮምፒውተሩ ለምን እንደማይሠራ ዘበኛዎን ጠይቄው ነበር፤ በግቢው ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ መብራት እንደሌለ ነገረኝ። ከበርዎ በስተቀኝ፣ ከተምር ሂንዲው ዛፍ ሥር፣ የሙያ ባልደረባዬ የከሰል ካውያውን ይዞ አሥራ ዘጠኝ የመሥሪያ ቤትዎ ሸሚዞች ተቆልለውበት ላቡን ያፈሳል። አሳዘነኝና አንዷን አገዝኩት። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ በየአንገትጌው ውስጥ በቀለም የተጻፈውን የባለቤት ስም ሳላነብ አላልፍም፤ ሾፌርዎ ያመጣት ነጭ ባለ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ የእርስዎ ነበረች። ጀርባዋ ሳያልቅ ሃያ ሰባተኛውን ጥያቄ እንደገና ሠራሁት፤ መልሱ አሁንም መ ነው። ከታወቀ ምንጭ ማስረጃ ይያያዝ ስላላችሁም አያይዤዋለሁ፤ ማስረጃው መብራት ጠፍቶ በከሰል የተተኮሰችው ሸሚዝዎ ራሷ ናት፣ ዛሬ ለብሰዋት ከሆነ አንገትጌዋን ገልብጠው ስምዎን ይመልከቱ።