የጠፋ ነገር ፈላጊው የአቶ አበጀ ተክለ ጻድቅ ሕይወት

አቶ አበጀ ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ጻድቅ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውብአየሁ ሀብቴ ቡታጅራ አካባቢ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው «በቆሎው ሲደርስ» ከማለት ሌላ አልነገሯቸውም፤ የአሜሪካ ወረቀታቸው ግን ጃንዋሪ 1 ይላል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው አዲስ አበባ በስልክ መስመር ጥገና ተቀጠሩ። መሬት ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ማግኘት ይችሉበት ነበር። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ እጅጋየሁ ጋር በቁርባን ተጋብተው ናሁምንና አክሱማዊትን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲቪ ሲያትል ገብተው ሌክ ሲቲ ኖሩ፤ ኖርዝጌት በመኪና ማቆሚያ ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከአንድ ጎረቤት ጋራዥ ሴል፣ ማለትም ደጃፍ ላይ ከሚሸጥ አሮጌ ዕቃ፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዙ፤ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ሰሃን የመሰለ፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ወጥተው፣ ባለ እርሻዎችን እያስፈቀዱ፣ አሮጌ ሳንቲምና የጥንት ዕቃ ሲፈልጉ ኖሩ። በአምስት ዓመት ያገኙት የቢራ ክዳን በየከረጢቱ፣ አንድ የላም ደወልና አንዲት የ1907 የብር ሳንቲም ነው። ስንስቅባቸው «ንግሥት እሌኒም መስቀሉን ስትቆፍር ተስቆባት ይሆናል» ይሉን ስለነበር፣ መሣሪያውን እሌኒ አልነው። ወ/ሮ እጅጋየሁ ግን «እሌኒ ከነጭቃዋ ቤቴ አትገባም» ብለው ስለወሰኑ እሌኒ ስትኖር የኖረችው መኪና ውስጥ ነው። አክሱማዊትም ጓደኞቿ ካሉ «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ናት ቱዴይ» ትላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከከተማ ውጭ በተከራየነው ሜዳ ደመራ ለኮስን። ያን ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ የቀሲስ ዘካሪያስ የእጅ መስቀል፣ ከአባታቸው የወረሱት፣ ጠፋ። መስቀሉን ይዞ የነበረው የወ/ሮ እጅጋየሁ ወንድም አማረ፣ ይህን የሚጽፈው፣ ዝናብ ሲመጣ ለቀሲስ ጃንጥላ ሊይዝ ጠረጴዛ ላይ አኑሮት ነበር። ማንም ሌባ አላለውም። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ግን አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይሆን ጀመር።

አቶ አበጀ ኮል አድርገው «አማረ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንዳትቀር። እኔ አገኘዋለሁ» አሉት።

ሦስት ቅዳሜ በዝናብ ሜዳውን አሰሱ። ደመራው የተሠራው ከአሮጌ ፓሌት፣ በሚስማር ከተመታ የዕቃ መጫኛ እንጨት፣ ስለነበር አመዱ ሁሉ ሚስማር ነበር፤ እሌኒ በየእርምጃው ስትጮኽ ሚስማሩን አንድ በአንድ ለቀሙ። በሦስተኛው ቅዳሜ ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ተመለሱ። ወ/ሮ እጅጋየሁም አዝነው፣ እሌኒ ቤት ገብታ እንድትደርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀዱ።

አቶ አበጀ ዝናቡ አበላሽቷት እንደሆነ ሊያዩ ቢያበሯት፣ በሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ጮኸች። እዚያ ያለው ወ/ሮ እጅጋየሁ ለበረከት ያመጡት የደመራ አመድ ነው፤ የፕላስቲክ እርጎ ዕቃ ውስጥ። ወ/ሮ እጅጋየሁ «አመዱ ተናገረ!» ብለው እልል አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተንበረከኩ።

«እጅጌ፣ አመድ አይጮኽም። ማንኪያ አምጪ» አሉ አቶ አበጀ።

መስቀሉ ከሥር ተገኘ። ወ/ሮ እጅጋየሁ ለአመድ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ባስቀመጡት ባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ወድቆ፣ ሳያዩ አመድ ሞልተውበት ኖሯል። በማግስቱ አቶ አበጀ መስቀሉን ለቀሲስ አስረክበው፣ ሕዝቡ እያየ ከአማረ ጎን ተቀመጡ። እሌኒም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት አደረች።

አቶ አበጀ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ዐረፉ። «ሣጥኔ ውስጥ ብረት አታግቡ፤ የኔ ቢጤ መጥቶ እንዳይቆፍረኝ» ብለው ተናዝዘው ነበር። ወ/ሮ እጅጋየሁ ግን ትናንት የ1907ቷን ሳንቲም በአቶ አበጀ ደረት ኪስ ውስጥ ሰፏት። ለምን ቢባሉ «በትንሣኤ ቀን ቶሎ እንዲገኙ ነው» አሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሁላችንንም እግዚአብሔር ያጽናን። የተቀበረውን ሁሉ ያለ መሣሪያ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።