ያልተጠረገው ጥግ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ዶሮዎቿን አሰልፋ ነው የምታበላቸው» ብላ ማውራቷን ሰማሁ። ስህተት ነው። እኔ እህሉን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት አቀርባለሁ። የተሰለፉት ራሳቸው ናቸው። ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ቢኖረው...

ፊት የምትቆመው አለቃ የምንላት ናት፤ የእህቴ ቀይ ዶሮ። ታናሽ እህቴ ባሏ ሞቶባት፣ ቤቷን ሽጣ እኔ ዘንድ ስትመጣ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በብብቷ ስር ይህችን ዶሮ ይዛ ገባች። ከድሮ ቤቷ የተረፋት ነፍስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ናት። የእኔዎቹን አራቱን ባንድ ሳምንት ውስጥ ረታቻቸው።

ጠዋትም ማታም ግቢውን ጠረግሁ። ስንዴውን ለቀምሁ፤ አንድ ጠጠር አላስቀረሁም። እህቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ ጥርስ የላቸውም እኮ። ጠጠሩ ምናቸውን ይሰብርብሻል?» አለች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ መሰለኝ። መሳቅ ነበረብኝ። «ቆሻሻ ቆሻሻ ነው» አልኳት። ለምን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የዶሮዎቹ ጎጆ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። እንቁላል ልበለው? ቅርፊት የለውም። ስይዘው እንደ ፊኛ ተልፈሰፈሰ። ወደ መስኮቱ ባነሳው አስኳሉ ከነክብነቱ ታየኝ።

ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ውይ! የእባብ እንቁላል!»

«እባብ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አትመስክሪ።»

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬም ሁለት። አንዱ ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ ገና ስነካው ተሰበረ። ሌላው የተጨማደደ፣ እንደ እኔ ፊት።

ንጽሕና ጎድሎ ይሆናል። ቆጡን በፈላ ውሃ አጠብሁ። የወዳደቀውን የእንቁላል ቅርፊት ሁሉ ለቅሜ ጣልሁ። ግቢውን ሦስተኛ ጊዜ ጠረግሁ። አሁን መሬቱ ላይ ሊጥ ቢቦካ አያሳፍርም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አለቃ ለእህል አልመጣችም።

ጅራቷን ጥላ፣ ወገቡን እንደታመመ ሰው ቀጥ ብላ ቆማለች። ጎጆ ትገባለች፣ ታምጣለች፣ ትወጣለች። ባዶ። ተመልሳ ትገባለች።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ አየቻት። «ሳትሞትባችሁ ቢላ ሳሉላት።»

እህቴ ቀና አለች። «ምላስሽን አውሺን። ከሱ የተሳለ ከየት እናመጣለን?»

ልብስ ሰፊዋ ራሷ ሳቀች። እህቴ ግን አልሳቀችም። ዶሮዋን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይህ ግቢ አልተስማማንም መሰለኝ» አለች።

«ማን ማን?»

«እሷም... እኔም። ከዳነች ይዣት ወደ ልጄ እሄዳለሁ። ካልዳነችም እሄዳለሁ።»

ምን መለስሁ? «እንደ ፍላጎትሽ።» ይህን ሁሉ ዘመን ተማሪ ቤት ያስተማርሁት ቋንቋ የት ሄደ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የእንስሳት ሐኪም አስመጣሁ። ወጣት ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ ነው የገባችው። ጥፍሯ አጭር፣ ንጹሕ። ወደድኋት።

ሆዷን ዳሰሰች። «ውሃ አልቋጠረም፤ ደግ ነው። አስኳል ሆድ ውስጥ ፈሶ ቢመረቅዝ ኖሮ ያብጥ ነበር።» ጓንት አጥልቃ ጣቷን ዘይት ቀባች። «ይኸው። እንቁላሉ መውጫው ላይ ተቀርቅሯል። ደግሞ ማንም እንዳይጨምቃት! ውስጧ ከተሰበረ ይገድላታል።»

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብሁ። እህቴ አለቃን ይዛ እስከ ሆዷ ነከረቻት፤ እኔ ውሃው ሲቀዘቅዝ እጨምራለሁ። ዶሮዪቱ ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ በጆሮዋ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ክርናችን ተነካካ፤ ሁለታችንም አላሸሸንም።

ሐኪሟ ለአጥንትና ለቅርፊት የሚሆነውን መድኃኒት አጠጣቻት። ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥናት። ከዚያ ሐኪሟ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች።

«እናቴ፣ ይህን ግቢ ማን ነው የሚጠርገው?»

«እኔ!» አልሁ። ደረቴን ነፍቼ።

«እንዲህ የጸዳ የዶሮ ግቢ አይቼ አላውቅም። የሚበሉትስ?»

«ስንዴ። የተለቀመ። የታጠበ።»

«ቅርፊቱን ታዲያ ከምን ይሥሩት? እህሉንስ ሆዳቸው ውስጥ በምን ይፍጩት? ጠጠሩን ጠረጉት፣ ቅርፊቱን ጣሉት። የጸዳ ረኃብ ነው የያዛቸው።»

በሕይወቴ ንጽሕና በዝቶበት የታመመ ሰምቼ አላውቅም። ልከራከር አፌን ስከፍት እህቴን አየኋት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነው! ሳፋውን አቅፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «እትዬ... ጥርስ የላቸውም ብዬሽ ነበር እኮ!» እኔም ሳቅሁ። ሐኪሟም። መቼ ነው እንዲህ የሳቅሁት?

ከምሳ በኋላ እህቴ ጮኸች። «ወለደች! እትዬ፣ ወለደች!» ሮጥሁ። በዚህ ጉልበቴ። ስስ፣ ሸካራ እንቁላል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ደም። አለቃ ካርቶኑ ውስጥ ቆማ በንቀት አየችን።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሐኪሟ እንዳለችው ቅርፊት በምድጃ አድርቄ አደቀቅሁ፤ የእንቁላል መልኩ እስኪጠፋ፤ አለዚያ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ለብቻው ቀረበላቸው፤ የፈለገች ታንሳ።

ከአጥሩ ወዲህ ያለው ጥግ ለእህቴ ተሰጠ። መጥረጊያ አይደርስበትም። አሸዋ፣ ጠጠር፣ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል... ማየቱ ያሳክከኛል። ዶሮዎቹ ይንከባለሉበታል። ዛሬ ሁለቴ መጥረጊያ ይዤ ቀረብሁ። ሁለቴም እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ተመለስሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

አለቃ እንቁላል ጣለች! ቡናማ፣ ልሙጥ፣ እኩል። በጥፍሬ መታሁት፤ እንደ ሸክላ ጮኸ። እንከን ፈለግሁ፤ አጣሁ። እህቴ፣ «ማርክ ስጪያት እንግዲህ» አለችኝ። ሙሉ ሰጠሁ። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ጠየቅኋት። ከሁለት ሳምንት በላይ ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅሮ የቆየ ጥያቄ ነው።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ወዴት?»

«ልጅሽ ጋ ነዋ።»

የእጇን አፈር በቀሚሷ ጠረገች። (በቀሚሷ!) «አራተኛ ፎቅ ላይ አሸዋ ከየት አመጣላታለሁ? ደግሞ አንቺን ማን ይጠብቅልኛል? ዞር ስል ጥጉን ልትጠርጊው!»

«አልጠርገውም።»

«ማይልኝ።»

ማልሁ። ደስ ብሎኝ ማልሁ።

ነገ መጀመሪያ፦ ዶሮዎቹን መልቀቅ። ከዚያ መጻሕፍቴን ከመስኮቱ ሥር አንስቶ የእህቴን አልጋ ፀሐይ ወደሚገባበት ማዞር። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዶ መጋረጃ ማዘዝ። ቀለሙን እህቴ ትምረጥ። እኔ አልናገርም። ደማቅ ብርቱካን ካልመረጠች።

ብትመርጥም።