እማዬ አፈር የምትቆፍርበት ላይ የተተከለው ችካል

ግንቦት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለራሴ መጻፉ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን ዛሬ ጣሊያኑን መሐንዲስ አሸነፍኩት።

ጣሊያኖቹ ከባቡር ጣቢያው እስከ ጉለሌ የከተማ ባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ ነው። ትናንት መጥተው እማዬ የሸክላ አፈር የምትቆፍርበት ቦታ ላይ ችካል ተከሉ። አፈሩን ካጣች ጀበናውንና ድስቱን ከምን ልትሠራ ነው?

ዛሬ ሲመለሱ ከመሐንዲሱ ጋር የመጣውን አስተርጓሚ፣ «ጋሼ፣ ይህ መሬት ክረምት ሲገባ ይንሸራተታል» ልለው አሰብኩና አፌ ተሳሰረ። እንስራዬን ተሸክሜ መጣሁና ውሃውን በሙሉ አንዱ ችካል ሥር ገለበጥኩት።

«አንቺ! አበድሽ እንዴ?» ብሎ አስተርጓሚው ጮኸብኝ።

መሐንዲሱ ግን ጎንበስ ብሎ ችካሉን በአንድ ጣቱ ገፋው። ዘንበል አለና ወደቀ። ጫማውን ከጭቃው ለማላቀቅ ሲታገል እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ችካሎቹን ሁሉ አስነቀለ።

«ባቡሩ ከላይ፣ በድንጋያማው በኩል ይለፍ ብሏል» አለ አስተርጓሚው። ወደ እማዬም ዞሮ፣ «ይቺ ልጅሽ ዲዳ ናት?» አላት።

«ኧረ ትናገራለች። ዛሬ እጇ ቀደማት እንጂ።»

ድንጋዩ የት እንደሚጀምር የማውቀው እኔ ነኝ። ነገ ከእነሱ ቀድሜ ሄጄ እዚያ እጠብቃቸዋለሁ። እንስራዬን ግን ቤት ትቼው እሄዳለሁ፤ በአፌ ነው የምነግራቸው።