ነጠላ ልለቅ ነው

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ልምምድ ነበረን። ከበሮ መቺያችን እንደ ልማዱ አርፍዶ መጣ። ጎፈሬ፣ ዘፋኛችን፣ ፀጉሩን ሲያበጥር ሰዓቱ ሄደ። እኔ ጥጌን ይዤ ባስ ጊታሬን ስቃኝ... ጥግ ድሮም ቦታዬ ነው፤ አልከፋኝም።

ቤት ስገባ ኩሽና ያለችው ትንሽ ሬዲዮ የባንዳችንን ዘፈን ታጫውታለች። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንደ ሁልጊዜው፦

«ያንተ የትኛው ነው?»

«ከታች ዱም ዱም የሚለው።»

ጆሮዋን ለጠፈችበት። «እኔ የሚሰማኝ ጎፈሬ ብቻ ነው፣ የኔ ልጅ።»

እውነቷን ነው። ያቺ ሬዲዮ ባስ የሚባል ነገር አታወጣም። ኮንሰርት እንዳትመጣ ግርግር አትወድም። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ሰምታኝ አታውቅም ማለት ነው። ይቆጨኛል... በጣም ይቆጨኛል።

ባለፈው ለጎረቤታችን «ልጄ ባስ ላይ ነው» ብትላት፣ ሴትዮዋ «ውይ በሞትኩት! ምን ባሰበት?» ብላ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካኑን በላነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ወሰንኩ። ያቺን ደብቄ የያዝኳትን ዘፈን ራሴ እዘፍናታለሁ። በራሴ ስም ትወጣለች። ድምፄንማ ያቺም ሬዲዮ አትውጠውም!

«እማዬ፣ ነጠላ ልለቅ ነው።»

«አዲስ ነገር መሰለህ? ሁልጊዜ በር ላይ እየለቀቅከው አይደል እንዴ የሚያደናቅፈኝ?»

«ነጠላ ዜማ እኮ ነው! ነጠላ ጫማ ማን አለ?»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ግን... ዘፈኗ ስም አልነበራትም። ልጇ እስኪገባ እንቅልፍ ስለማይወስዳት እናት ናት። ስወጣ የማወልቀው ነጠላ ጫማዬ በር ላይ ካለ ገና አልገባሁም ማለት ነው፤ እሱን እያየች ትጠብቀኛለች። የማላውቅ ይመስላታል። እንግዲህ «ነጠላ ጫማ» ትባል።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ለጎፈሬ ነገርኩት። ማበጠሪያው ፀጉሩ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«ጥለኸን ልትሄድ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

«ታዲያ እኔ አልዘፍናትም?»

«ይቺን እኔ ነኝ።»

«አንተ? ሃሎ ስትል እንኳ ድምፅህ የማይሰማው ሰውዬ?»

ሳቀ። ከልቡ ግን አልነበረም። ደህና ዋል ሳይለኝ ሄደ። ምን አናገረኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ስቱዲዮ። ጉድ ሆንኩላችሁ!

መግቢያውን በባስ ጀመርኩ። ዞርኩበት። ያንኑ መግቢያ ደግሜ ዞርኩበት። አሁንም... ቀጂው ከመስታወቱ ማዶ እጁን አወናጨፈ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ዘፋኙን።»

ከአፌ አመለጠኝ። ወይ ልማድ! ቀጂው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ዘፋኙ አንተ ነህ፣ ወንድሜ!»

ከዚያ ዘፈንኩ። ሲያቀናብረው ድምፄን ቀንስ፣ ባሱን ጨምር አልኩት። ትንሽ ቀንስ... ደግሞ ቀንስ... ሲያልቅ በትንሿ ድምፅ ማጉያ አጫወተው፤ የእማዬን ሬዲዮ የምታክል ናት። ቀጂው የጨመረበት ጊታር አለ። ከበሮው አለ። እኔ የለሁም።

«የገዛ ዘፈንህን አጅበህ ቁጭ አልክ እኮ» አለኝ።

ለጎፈሬ ልስጠው ይሆን? እሱ ከዘፈናት ታምራለች። እማዬ ግን... መልሳ የትኛው ነው ያንተ ልትለኝ?

ዓርብ፣ የካቲት 13

ለጎፈሬ ደወልኩለት። ስቱዲዮ መጣ። ዘፈኗን አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«ልዝፈናት?»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ «አይሆንም!» አልኩት። ራሴም ደነገጥኩ።

«እንዲያ በል! ሳምንት ሙሉ የተናደድኩት በከንቱ አይሁን። በል ጥግህን ልቀቅልኝ።»

ገፍትሮ መሀል፣ ማይኩ ፊት አቆመኝ። እሱ ሄዶ ጥጌ ላይ ቆመ። ጎፈሬ ጥግ ላይ! «ዛሬ ተቀባይ ነኝ» አለ። «አንተ ሳትጀምር ትንፍሽ አልልም።»

ጀመርኩ። ማንንም አልጠበቅኩም። በኋላ ቀጂው ድምፄን ከፍ ሲያደርገው «ትንሽ ቀን...» ከማለቴ ጎፈሬ ማበጠሪያውን ወረወረብኝ። አልተቀነሰም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ተለቀቀች! በሬዲዮ!

እማዬ ዕቃ እያጠበች ነበር። ድምፄ ሲጀምር ውሃውን ዘጋችው። ጎረቤታችን ወሬ ይዛ ብቅ ብትል «ዝም በይ፣ ልጄ እያወራ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ቆማ ሰማች።

ሲያልቅ እማዬ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ዞር አለች።

«ለካ እንደማልተኛ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታመሻለህ?»

ጎረቤታችን «አሁን ነው የባሰበት» ብላ ሄደች።

እሁድ፣ መጋቢት 6

ጠዋት ስነሳ ትልቁ የጆሮ ማዳመጫዬ የለም። ኩሽና ገባሁ። እማዬ ጆሮ ላይ ነው። በስልኳ የባንዳችንን የድሮ ዘፈን ከፍታለች፤ የጎፈሬ ጩኸት እስከ በሩ ይሰማል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ጠረጴዛውን የምትመታው ሌላ ነገር ነው። ዱም... ዱም ዱም...

የኔን!

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ማዳመጫውን ስላላወለቀች ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«ለካ ሁሉም ውስጥ ነበርክ!»