የታፈነው ሞተር

ልጄ ሀያት፣ አላህ በሰው አገር ደግ ደጉን ያጋጥምሽ። እኛ ደህና ነን፤ የዴዴሳ ወንዝ መሙላት ብቻ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የአባትሽ ጀልባ ሞተር በዝግታ ሲሄድ ምንም አይል፤ ጋዝ ሲሰጠው ግን ወንዙ መሐል ይደክማል። መካኒኩ እሸቱ ከነቀምት መጥቶ ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፤ ያው ነው። ለካ አባትሽ ቤንዚኑ እንዳይተንበት ብሎ የቤንዚን ታኒካውን መተንፈሻ ቀዳዳ በላስቲክ ጠቅጥቆት ኖሯል! እሸቱ፣ አየር ካልገባበት ቤንዚኑ በደንብ አይወርድም ብሎ ላስቲኩን ቢያወጣለት ሞተሩ እንደ ድሮው ጮኸ።

እኔ ግን አሁንም አላረፍኩም። አንቺም በደወልሽ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ትያለሽ፤ ድምፅሽ ግን መሐል ላይ ይደክማል። አላህ ከጭንቅ ሁሉ ያውጣሽ፣ በሰላም ያገናኘን። አባትሽ እንዳይሰማ ከፈለግሽ፣ እሱ ወንዝ ሲወርድ ደውዪና ትንሽ ተንፍሺልኝ።

እናትሽ ሩክያ