ሀዋ እንዳትቀድመኝ ፊደል ቆጠርኩ

ዘኒዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው የድሬ ሙቀት ገባ። ሙቀቱን አልተርክልሽም፣ ታውቂዋለሽ። ፍራሼን ግቢ አውጥቼ መተኛት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ።

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጨነቂ። እኔው ነኝ፣ ታዬ፣ ባልሽ በያጁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ። ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። መምህሯ ደብተሬን ከፍ አድርጋ ለሌሎቹ አሳየቻቸው። ሌሎቹ ሰሌዳው በቅጡ የማይታያቸው ሽማግሌዎች መሆናቸውን እሷም አላነሳች፣ እኔም ማንሳት አላስፈለገኝም። ፊደል እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን ነገረኝ? የመስኮት ፍርግርግ ያጠፈ እጅ “ጨ”ን ማጠፍ አያቅተውም።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ቬንትሌተሩ ሲዞር አሁንም ያጉረመርማል። የግቢው ኒም ዛፍ አጥሩን አልፎ ወጥቷል፣ ጎረቤታችን ሀዋም የስፌት መኪናዋን ከቤቷ አውጥታ ጥላው ስር ትሰፋለች። የመጋላን ሰፈር በሙሉ የምታለብስ ይመስላታል። ቴሌቪዥኑ እኔ በሠራሁለት የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ አንገቴ ላይ። ለምን አንገትህ ላይ ብትይኝ፣ በሀዋ ምክንያት ነው። ሆዴን ሲበላኝ የከረመውም ይኸው ነገር ነው።

ያቺ ደብተርሽ አለች አይደል፣ ሽፋኗ ላይ “ያየኋቸው” ብለሽ የጻፍሽባት። ያየሽውን ፊልምና ተከታታይ ድራማ ሁሉ ትመዘግቢባት ነበር፤ ስሙን፣ ከማን ጋር እንዳየሽው፣ የት ላይ እንዳስለቀሰሽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአስር ስንት እንደሰጠሽው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ “መብራት ሄደ” ብለሽ ትተዪዋለሽ እንጂ ነጥብ አትሰጪም። መጨረሻው ያልታየ ፊልም ጣራ ያልለበሰ ቤት ነው፣ ዋጋ አይቆረጥለትም ትይ ነበር።

ራት በልተን ስንቀመጥ ታነቢልኝ ነበር። ከሀዋ ጋር፣ ከሀዋ ጋር፣ አሁንም ከሀዋ ጋር። ከተማው ለቀትር ሲዘጋ፣ እኔ ጫቴን ይዤ በርጫ ስቀመጥ፣ እናንተ መጋረጃውን ጥላችሁ ፊልማችሁን ትጀምራላችሁ። የኔ ስም ስንት ዘመን ቆይቶ ሲመጣ ደግሞ “ከታዬ ጋር፤ እያወራ አላሰማኝም” ይላል። የማወራው እኮ መጨረሻውን ከማንም ቀድሜ ስለማውቅ ነው። ያኔም ነግሬሻለሁ፣ አሁንም እነግርሻለሁ።

ያ የቱርኩ ተከታታይ ላይ ያለው ጢማም ነጋዴስ? እሱ ሲመጣ ወጥ ቢያርም አትሰሚም። “ዓይኑን እየው” አልሽኝ። የኔስ ብልሽ “ያንተማ መነጽር ነው” ብለሽ የብየዳ መነጽሬን ወረወርሽልኝ። በይ እንግዲህ ብዬ፣ ለኔ ከአስር ስንት ትሰጪኛለሽ ስልሽ ምን አልሽ? “አንተ ገና አላለቅክም።” ሙገሳ ነው ብዬ ሥራ ቦታ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁት። ሀዋ ብቻ ስትሰማ ሳቀች። ያን ሳቋን እስካሁን አልወደድኩትም፤ እናንተ ሁለታችሁ የምታውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር ያለ መሰለኝ።

ተከታታዩ ሳያልቅ ታመምሽ። አልጋ ላይ ሆነሽ የሀዋን እጅ ያዝሽና “መጨረሻውን እይና አንቺ ጻፊልኝ” አልሻት። እኔ እግርሽ ስር ቆሜ ነበር። መጻፍ እንደማልችል ስለምታውቂ ነው፣ ይገባኛል። ግን ዘኒ፣ በዚህ ዓለም ላይ የለመንሽው የመጨረሻ ነገር ለሀዋ ሲሰጥ ቆሜ አየሁ። እንኳን እኔ፣ ብረትም ይቀልጣል።

አርባሽ እንዳለፈ ሀዋ ከቴሌቪዥኑ ጋር የቆለፍኩባትን ደብተርሽን ልትወስድ መጣች። ቁልፉ ጠፋ አልኳት። ሌላ ቀን መጣች፣ ሳጥኑ ዝጓል አልኳት። “ወሪያ ታዬ፣ በየድከው እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ አልተቆጣችም፤ “አብሽር፣ መጨረሻውን አይቼዋለሁ፣ በልቤ ይዤዋለሁ” ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ሄጄ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ገበያ ወርጄ ያንን ተከታታይ ከመጀመሪያው በፍላሽ አስጫንኩ። በርጫውን ተውኩ፣ ጓደኞቼም ታዬን ቱርክ ወሰደችው አሉ። ቀትር ላይ መጋረጃውን ጥዬ፣ አንቺ በምትቀመጪበት ተቀምጬ፣ አፌን ዘግቼ አየሁት። ሀዋ በመስኮት ስታልፍ የት ደረስክ ትለኛለች፣ እኔም እንዳትነግሪኝ ብዬ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት አለቀ። ከሳጥኑ ደብተርሽን አወጣሁ፣ ስሙን ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩት። ከአስር ስንት የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እኔ ብሆን አስር ነው፤ ጢማሙ ሰውዬ ሀብታም ሆኖ ተመልሷል፣ ጠላቶቹም አፍረዋል። ደብተሩ ግን ያንቺ ነው። አንቺ ስንት እንደምትሰጪው አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አላወቅኩትም። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቀዋለሁ።

ደብተርሽን ይዤ ኒሙ ስር ሄድኩ። ሀዋ ከስፌቷ ቀና እንኳን ሳትል “ስድስት” አለች። እናቱን ሳይሰናበት መርከብ ተሳፍሯል፣ ቢመለስም ዘኒ ይህን ይቅር አትለውም አለች። ተከራከርኳት። ያገባኋት እኔ ነኝ አልኳት። “አግብተሃታል፤ ፊልም ግን ያየችው ከኔ ጋር ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደግሞም እንደተናገረችው ድምፅሽ ጆሮዬ ውስጥ “ስድስት” አለ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩት፦ “ከአስር ስድስት። በሀዋ አፍ፣ በታዬ እጅ።” ተቀብላኝ አነበበችው፤ ከዚያ የምትሰፋውን ጨርቅ አንስታ ፊቷን ሸፈነች። እኔም የስፌት መኪናዋን እንደሚጠግን ሰው ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

አሁን ቀትር ላይ በሩን ከፍተን አብረን እናያለን። መዝጋቢው እኔ ነኝ፣ ብዕሩን አልሰጣትም። አንዱ ፊልም ባለቀ ቁጥር አንቺ ብትኖሪ የምትሰጪውን ነጥብ እኔም እሷም በየፊናችን እንገምታለን። እስካሁን እሷ ትክክል ናት፣ ሲነገረኝ አውቀዋለሁ፣ ያበሳጨኛልም። ቅናቱ አልለቀቀኝም ዘኒዬ፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም። አንድ ቀን ከሷ ቀድሜ፣ ሳልጠይቃት፣ ልክ አንቺ የምትይውን እላለሁ። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ አስብሻለሁ። ከዚያ ወዲያማ ማን ያስቆመኛል።

በገዛ እጁ የጻፈው
ታዬ